ጂኑን ሳይነኩ ዓይንን ማቆየት ይቻላል?

ማታ ማታ ዕቃ የሚያጋጨው፣ ደረጃ የሚስተው ልጅ ሲኖር ሰፈሩ የሚለው የታወቀ ነው። «ዳፍንት ነው፤ ጉበት አብሉት።» ምክሩ መጥፎ አይደለም። ዳፍንቱ ከቫይታሚን ኤ እጥረት የመጣ ከሆነ ጉበቱም ይሠራል፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብልም ይሠራል። ልጁ ብዙ ሳይቆይ ይሻለዋል። ነገሩ የሚከብደው ጉበቱም ተበልቶ፣ እንክብሉም ተውጦ፣ ማታው ያው ማታ ሲሆን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ከጎኑ የመጣበትን ባጃጅ ግን አያየውም።

ይሄኛው በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታ ሊሆን ይችላል። ሬቲና የዓይን ኳስን ከውስጥ በስተጀርባ የሸፈነች ስስ የነርቭ ሽፋን ናት። ብርሃኑን ተቀብላ ወደ አንጎል የምትልከው እሷ ናት። በዘር ከሚመጡት የሬቲና በሽታዎች በብዛት የሚታየው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም እንደ ሐኪሞቹ አር ፒ እያልኩ እቀጥላለሁ። በዓለም ላይ ከ4,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ድሬዳዋን በግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ብናስባት፣ በዚህ ስሌት ከመቶ በላይ ሰው መሆኑ ነው።

እኛ አገር ስለ ዓይነ ስውርነት ሲወራ የሚነሱት የዓይን ሞራና ትራኮማ ናቸው። ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውር ከሆኑት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ለዚያ ያበቃው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። አር ፒ በዚህ መሃል ተደብቆ ይኖራል። ሰውየው ራሱ እንኳ ለዓመታት ሳያውቀው ይቆያል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገባ ልብስ ሰፊዎች የሚደረደሩበት መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። እዚያ የማውቀው አንድ ሰፊ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ በአንድ ሙከራ ያስገባል። ስፌቱ ንቅንቅ አይልም። አጠገቡ ያስቀመጡለትን የሻይ ብርጭቆ ግን በክርኑ ይደፋዋል። ደንበኛ ከጎኑ ቆሞ ሰላም ሲለው ድምፁን እንጂ ሰውየውን አያገኘውም። መግሪብ ሲቃረብ ሥራውን ያቆማል። በጠባቡ መንገድ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግራ እጁ ግድግዳውን አይለቅም። ሰው «ኮርቶ ነው እንዴ ሰላም የማይለን?» ይለዋል። መርፌ ቀዳዳ የሚያይ ሰው አያይም ብሎ ማን ያምናል?

አር ፒ እንደዚህ ነው። ከዳር ይጀምርና ወደ መሃል ይገባል። መሃሉን እስከመጨረሻው ያቆየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሬቲና ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። ሮድ የሚባሉት ለጨለማና ለዳር እይታ ያገለግላሉ። ኮን የሚባሉት ለቀን ብርሃን፣ ለቀለም፣ ለማንበብ፣ የሰው ፊት ለመለየት ነው። ከሁለቱ ድምር 95 በመቶ ያህሉ ሮድ ነው። ኮኖቹ ጥቂት ናቸው፤ ጥቅጥቅ ብለው የሚገኙትም የሬቲናዋ መሃል ላይ ነው።

ጂን ማለት ሴል ሥራውን የሚሠራበት፣ ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ ነው። አር ፒ ከ80 በላይ ከሆኑ ጂኖች በአንዱ ስህተት ሊመጣ ይችላል። ከእነዚህ ጂኖች ብዙዎቹ ሥራቸው ሮድ ውስጥ ነው። ጂኑ የተበላሸበት ሮድ ቀስ እያለ ይሞታል። መጀመሪያ የማታው እይታ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የዳሩ። እስከዚህ ድረስ ለመረዳት አይከብድም። ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሮዶቹ ካለቁ በኋላ ኮኖቹም ይከተላሉ። ያ የተበላሸው ጂን ብዙ ጊዜ ኮን ውስጥ ሥራ እንኳ የለውም። ታዲያ ኮኑ በማን ኃጢአት ነው የሚሞተው?

ጥያቄው የፍልስፍና አይደለም። ሰው ሮዱን ሁሉ ቢያጣ ማታ ይቸገራል፣ ዳር ዳሩን አያይም፣ ግን ያነባል፣ ይሰፋል፣ የልጁን ፊት ይለያል። ኑሮ የሚጨልመው ኮኑ ሲሄድ ነው። ኮኑን ብቻ ማቆየት ቢቻል፣ ሮዱን ማንም ባያድነው እንኳ፣ ብዙ ነገር ተረፈ ማለት ነው። የነርቭ ሴሎችን ከሞት ጠብቆ ማቆየት፣ በሕክምናው ቋንቋ ኒውሮፕሮቴክሽን የሚባለው፣ መነሻው ይሄ ሐሳብ ነው።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የደቻቱ ወንዝ የሚሞላው ከተማው ላይ ስለዘነበ አይደለም፤ ላይ፣ ደጋው ላይ ስለዘነበ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ይከልከል ያለ አልነበረም። በወንዙ ግራና ቀኝ መከላከያ ግንብ ተሠራ። በተበላሸው ጂን ፋንታ ደህናውን የሚያስገባው የጂን ሕክምና ዝናቡን ለማስቆም የሚሞክር ነው። ኒውሮፕሮቴክሽን ግንቡ ነው።

ዝናቡን ማስቆም አይሻልም ወይ? ይሻላል፣ ከተቻለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አሜሪካ ውስጥ ላክስተርና የሚባል የጂን ሕክምና ፈቃድ አግኝቷል። ለዘር የሬቲና በሽታ የመጀመሪያው ነው፤ ይሠራልም። ግን የሚያገለግለው አርፒኢ65 የሚባለው ጂናቸው ለተበላሸ ሰዎች ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ከበሽተኞቹ ጥቂቱ ናቸው። ዋጋው ሲወጣ ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ነበር። ለሌሎቹ በደርዘን ለሚቆጠሩ ጂኖች ለእያንዳንዱ ለየብቻ መድኃኒት መሥራት ሊያስፈልግ ነው።

ግንቡ ግን ጎርፉ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ አይጠይቅም። የየትኛው ጂን ስህተት እንደሆነ ያልታወቀለት ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል። በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር በሽተኛ የዚህ ሕክምና ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የጂን ምርመራ እንደ ስኳርና ታይፎይድ ምርመራ በየክሊኒኩ የሚሠራ አይደለም። ጂኑን ሳያውቅ የሚኖረው ሰው ይበዛል።

ጉድለቱንም ከወዲሁ ማወቅ ደግ ነው። የሞተን ሴል አያስነሳም። የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ በዚህ መስመር የተሠራ መድኃኒት ነገ ቢመጣ የሚጠቅመው ገና ኮን ላለው ሰው ነው። ውጤቱም «በራልኝ!» የሚያሰኝ አይሆንም። በሽታው በአሥር ዓመት ያመጣ የነበረውን ጉዳት በሃያ ዓመት ቢያመጣ፣ ያ ትልቅ ድል ነው። በሽተኛው ግን በየወሩ ሲለካው ምንም የተለወጠ አይመስለውም።

ኮኑ ለምን ይሞታል?

አንዱ መልስ ኦክስጅን ነው። ሮድ ኦክስጅን በላተኛ ነው። ከሬቲና ጀርባ ያሉት የደም ሥሮች ደግሞ ሮዶቹ ሞቱ ብለው የሚልኩትን አይቀንሱም። በላተኛው ሄዷል፣ ኦክስጅኑ ግን እንደ ድሮው ይመጣል። የተረፈው ኦክስጅን ሴል የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ይፈጥራል፤ የቀሩት ኮኖች ከዓመት ዓመት በዚያ ይጎዳሉ።

እዚህ ላይ የሚገባው መድኃኒት የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም አዲስ አይደለም። ኤን አሲቲልሲስቲን ይባላል። አክታ ለማቅጠን ይሰጣል፤ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ጉበቱ እንዳይጠፋም ይሰጣል። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ካምፖኪያሮና ባልደረቦቹ መጀመሪያ በአይጦች ላይ ሞከሩት። ቀጥሎ በ30 የአር ፒ በሽተኞች ላይ ለ24 ሳምንታት ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። የመሃል እይታቸው በመጠኑ ተሻሽሎ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን ሁሉም መድኃኒቱን ነበር የወሰዱት፤ የሚነጻጸሩበት ቡድን አልነበረም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ በሽተኞችን የሚይዝ ትልቅ ሙከራ የተጀመረው። በዚህኛው አንዳንዶቹ መድኃኒቱን፣ አንዳንዶቹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ይወስዳሉ። ማን ምን እንደሚወስድ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም። ክትትሉ አራት ዓመት ያህል ስለሚፈጅ ውጤቱ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።

መጠኑን እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ፋርማሲ ሄዶ የሳል መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠውን መግዛት ቀላል ነው። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ ብዙ መድኃኒት መዋጥ ያለ ሐኪም የሚጀመር ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ረሃብ ነው። ይሄን ያገኙት በወቅቱ ፓሪስ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ሆዜ አላን ሳሄልና ቲየሪ ሌቬያር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙት። ሮዶቹ በሕይወት ሳሉ ኮኑን የሚያቆይ አንድ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ከዓመታት በኋላ አሠራሩም ታወቀ። ፕሮቲኑ ኮኑ ስኳር ወደ ውስጡ በደንብ እንዲያስገባ ያደርገዋል። ሮዱ ሲሞት ፕሮቲኑም ይቀራል። ያኔ ኮኑ ስኳር አጠገቡ እያለ ይራባል። አሁን የፕሮቲኑን ጂን በማይጎዳ ቫይረስ አሳፍሮ ሬቲና ሥር በመርፌ የማስገባት ሕክምና በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። ደረጃው ገና የመጀመሪያው ነው፤ በዋናነት የሚታየው ጉዳት አለው ወይ የሚለው ነው። ጂን ይገባል፣ ግን የተበላሸውን ለመጠገን አይደለም። የሮዱን ውለታ ለመተካት ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም የሚማርከኝ ይሄኛው ነው፤ ከበሽታው አካሄድ በቀጥታ የተወሰደ ስለሆነ።

ከዚህ ሌላ እብጠትና የመከላከያ ሴሎች ያለልክ መነሳሳትም ይጠቀሳሉ። እሱን አላስረዝመውም።

ሦስተኛው መንገድ የነርቭ ሴሎችን የሚያበረታቱ ፕሮቲኖችን መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ማቲው ላቬይል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኃይለኛ ብርሃን ሬቲናቸውን ሊያበላሽባቸው የነበሩ አይጦችን እነዚህ ፕሮቲኖች እንደሚጠብቋቸው አሳዩ። ከፕሮቲኖቹ አንዱ ሲኤንቲኤፍ ይባላል። ፕሮቲኑን በየጊዜው ዓይን ውስጥ መውጋት ስለማይቻል አንድ ብልሃት ተገኘ። 6 ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ቀጭን ዘንግ ተሠራች። ውስጧ ፕሮቲኑን እንዲያመርቱ የተደረጉ የሰው ሴሎች አሉ። ግድግዳዋ በጣም ደቃቃ ቀዳዳ አለው። ምግብና ኦክስጅን ይገባሉ፣ ፕሮቲኑ ይወጣል። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ግን ማለፍ አይችሉም። በቀዶ ሕክምና ዓይን ውስጥ ትቀመጥና እዚያው ሆና ለዓመታት ታመርታለች።

ሐሳቡ ግሩም ነው። አር ፒ ላይ ሲሞከር ግን የበሽተኞቹ እይታ አልተሻሻለም። ያንኑ ዘንግ ማክቴል ዓይነት 2 ለሚባል ሌላ የሬቲና መሃል በሽታ ሲሞክሩት የሴሎቹን መሞት አዘገየ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚያ በሽታ ፈቀደው። እዚያም ቢሆን የተረጋገጠው የሴሎቹ መጥፋት መዘግየቱ ነው፤ እይታ ተመለሰ የሚል የለም። ቪዲዮ ላይ «ለዓይን ነርቭ መድኃኒት ተገኘ» ተብሎ የሚዞረው ወሬ መነሻው ይሄ ከሆነ፣ ለአር ፒ አይደለም።

ተስፋ የተጣለባቸውና ያልሆኑም አሉ። ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለአር ፒ ይጠቅማል ተብሎ ነበር። በሚገባ ሲፈተሽ አልጠቀመም፤ እንዲያውም የዳር እይታቸው የባሰባቸው መድኃኒቱን የወሰዱት ነበሩ።

የቫይታሚን ኤ ታሪክ ደግሞ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1993 ቦስተን ውስጥ ኤሊየት በርሰን በየቀኑ 15,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ መውሰድ በሽታውን ያዘገያል አለ። በዚያው ጥናት ቫይታሚን ኢ የባሰ ሊያደርገው እንደሚችል ታየ። ሐኪሞች ለዓመታት ቫይታሚን ኤ ሲያዝዙ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዚያው ተቋም ተመራማሪዎች የድሮውን መረጃ ከበሽተኞቹ ጂን ጋር አገናኝተው እንደገና ሲያሰሉት ጥቅሙ አልታይ አለ። አደጋም አለው። ስታርጋርት በሚባለው ሌላ የዘር የሬቲና በሽታ ላይ ተጨማሪ ቫይታሚን ኤ ጉዳቱን ሊያፋጥን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ከወሰደች ፅንሱን ይጎዳል። ጉበትም ይጎዳል። ምግብ መብላት ሌላ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ እንክብል በየቀኑ መዋጥ ሌላ ነው። ዳፍንት ብሎ ለልጁ የተሰጠው እንክብል ሠራ፣ ደግ። ካልሠራ ግን «ጨምሩለት» አይባልም። ዓይኑን የሚያይ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

ድሬና ሐረር ላለ ሰው ዛሬ ምን አለው?

ከሚመስለው ይበልጣል። መጀመሪያ፣ አር ፒ ያለበት ሰው እይታው ድንገት ከቀነሰ ሁሉንም ጥፋት በአር ፒ ማሳበብ የለበትም። እነዚህ ሰዎች በወጣትነታቸው የዓይን ሞራ ሊይዛቸው ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የሬቲናቸው መሃል ውሃ ቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፤ በጠብታ ወይም በእንክብል ይታከማል። «በዘር ነው፣ ምንም አይደረግለትም» ተብሎ የተመለሰ ሰው እነዚህ ሁለቱ መታየታቸውን ይጠይቅ። ከአካባቢው የዓይን ክፍል ጀምሮ የሬቲና ስፔሻሊስት ካስፈለገ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ሪፈር ማጻፍ ይቻላል።

የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ለአር ፒ በሽተኛ ፋሽን አይደሉም። ከከዚራ ፀሐይ ወደ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ ስለሚጨልምበት ያግዘዋል፤ ኃይለኛ ብርሃን ሬቲናን እንደሚጎዳም በእንስሳት ላይ ታይቷል። ሲጋራ ግን የባሰ ነው። ኮኑን የሚጎዳው ያው የኦክስጅን ጣጣ ነው ብለናል፤ ጭሱ እዚያው ላይ ይጨምራል። በርጫ ላይ ሲጋራ ማስከተል የለመደ ሰው ይሄን ልብ ይበል።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ቪያግራ። መድኃኒቱ ሬቲና ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይምንም በመጠኑ ይነካል፤ ከአር ፒ በሽተኞች አንዳንዶቹ ችግራቸው ያለው እዚያው ኢንዛይም ላይ ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ ዝም ብሎ አይገዛም። ይሄን ሐኪም ፊት ማንሳት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ይነሳ ግን።

ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ ወይም የሚቀንስ ከሆነና ማታ ማየት ካስቸገረው፣ አሸር ሲንድረም የሚባል ሁለቱን አጣምሮ የሚያመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይመርመሩ።

ስለ ዝምድና ጋብቻም መነሳቱ አይቀርም። አካባቢያችን ብዙ ብሔር፣ ብዙ ባህል ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገባም አለ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች የሚጋቡበትም አለ። ከአር ፒ ዓይነቶች አንዱ ልጅ ላይ የሚታየው የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጂኑን ግን ተሸክመዋል። ያኔ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ጂን የመሸከም ዕድላቸው ይሰፋል፤ ለዚህ ነው ዝምድና የሚነሳው። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን ከዝምድና ጋር አይገናኙም። ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚመጣ አለ፤ በእናት በኩል መጥቶ ወንዶቹን የሚያጠቃም አለ። ሰባት ቤት የቆጠረውም ቤት ይገባል። እናትየዋን ወይም አባትየውን መውቀስ በየትኛውም ስሌት አይወጣም።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። ሰፈር አዋጥቶ፣ ቤት ተሸጦ፣ «ስቴም ሴል ዓይን ውስጥ እንወጋለን» ወደሚል ውጭ አገር ክሊኒክ መሄድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ያወጣውን ልንገራችሁ። ሦስት ሴቶች ፍሎሪዳ ውስጥ ባለ ክሊኒክ ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሴል ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወጋ። ከመወጋታቸው በፊት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ እይታቸው በከፋ ሁኔታ ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ ነው ይሄ የሆነው፤ «ፈረንጅ አገር ነው፣ ይታመናል» አያስብልም። ትክክለኛ የምርምር ሙከራ በሽተኛውን ለመድኃኒቱ አያስከፍልም። ዓይን ውስጥ የሚወጋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን አይነካም። ምን ሊበላሽ እንደሚችል በጽሑፍ አስረድቶ ያስፈርማል። ክፈል ያለ ሰው ካለ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትፈርሙ።

ምርመራ ስታደርጉ ደግሞ የሬቲናውን የኦሲቲ ፎቶ (ንብርብሯን በብርሃን የሚያሳየውን)ና የዳር እይታ መለኪያውን ወረቀት ኮፒ ጠይቁና ፌስታል ውስጥ ሳይሆን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ቀኑ ይጻፍበት። በሽታው ዘገምተኛ ስለሆነ የሚታወቀው የዛሬው ከሦስት ዓመት በፊቱ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሙከራ ደርሶ ሰው ቢመዘገብም መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።